ጣዕሙ የሚናገረውና ዝም የሚለው፦ የይፋት ቆላ ጥሬ ወተት ሲዳሰስ

በይፋት ቆላ፣ በሸዋ ሮቢት የወተት ጨዋታ ሲነሳ ሦስት ጥያቄዎች ተከታትለው ይመጣሉ። የላም ይሻላል የፍየል? ጥሬው ይጠጣ ወይስ ይፍላ? ሦስተኛው ገዢ ለሻጭ የሚያቀርበው አጭር ጥያቄ ነው፦ «የዛሬ ጠዋት ነው የትናንት ማታ?» ክርክሩ የሚጋለው በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ነው። ለጣዕም ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሦስተኛው ነው፤ በቆላ የወተትን ጣዕም ከእንስሳው ዓይነት ይልቅ ሰዓቱ ይወስነዋል።

ጣዕም ብዙ ነገር ይናገራል። እንስሳዋ ምን እንደበላች፣ ወተቱ በምን ዕቃ እንደታለበ፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ ምላስ ላይ ይታወቃል። እንስሳዋ በሽታ ይዟት እንደሆነ ግን ጣዕሙ አብዛኛውን ጊዜ አይናገርም። የጥሬ ወተት ክርክር መቋጫ ያጣው እነዚህ ሁለቱ ስለተደባለቁ ነው፤ «ጣፋጭ ነው፣ ትኩስ ነው» የሚለው «ንጹሕ ነው» ተብሎ ይሰማል። ይህ ዳሰሳ ሁለቱን ለያይቶ ያያል።

ሙቀቱና ሰዓቱ

ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ የሚጓዝ ሰው ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ብርድ ይቀበለዋል። ደብረ ሲናን አልፎ፣ ጠመዝማዛውን ወርዶ፣ ከመዲናዋ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትገኘው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው 1,300 ሜትር አካባቢ ነው። በአንድ ጀንበር ጋቢ ከሚያስደርብ ብርድ ወደ ሸሚዝ የሚያስወልቅ ሙቀት ይገባል። ወተትም ይህንኑ ልዩነት ያያል። ደብረ ብርሃን ላይ በ2,800 ሜትር ከፍታ ማታ የታለበ ወተት ሌሊቱ ራሱ ያቀዘቅዘዋል። ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ ወይም ጀውሃ ላይ ግን ሌሊቱም ቢሆን ይህን ውለታ አይውልም።

ወተት ከጡት ሲወጣ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ከጤነኛ ግት የወጣ ወተት ጥቂት ጀርሞች ብቻ ይዞ ይወጣል፤ የሚበዙት ከእጅ፣ ከጸጉር፣ ከአቧራና ከዕቃ የሚጨመሩት ናቸው። ሙቀት ሲመቻቸው ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ባለው ጊዜ አንዴ በእጥፍ ይባዛሉ። በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 1,000 ቢኖሩና በየግማሽ ሰዓቱ ቢባዙ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት የታለበው ወተት ቀትር ላይ ከ4 ሚሊዮን በላይ ይይዛል ማለት ነው።

እርግጥ ስሌቱ በታለበበት ቅጽበት አይጀምርም። ትኩስ ወተት የራሱ መከላከያ አለው፤ ላክቶፐርኦክሲዴዝ የሚባለው ኢንዛይም ከሌሎች ሁለት ንጥረ ነገሮች ጋር ተባብሮ የጀርሞችን እድገት ለጥቂት ሰዓታት ይገታል። የምግብ ደረጃዎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፉ ኮዴክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ማቀዝቀዣ ለሌላቸው አካባቢዎች ባወጣው መመሪያ ይህን መከላከያ በትንሽ ጭማሪ ማጠናከር እንደሚቻል አስፍሯል። የተጠናከረው ወተት በ15 ዲግሪ ሙቀት ለአንድ ቀን ያህል ሲቆይ፣ በ30 ዲግሪ ከ7 እስከ 8 ሰዓት ብቻ ይቆያል። በደጋና በቆላ ወተት መካከል ያለው ልዩነት በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ተጠቃሎ ይገኛል። ደጋው አንድ ቀን ሲኖረው ቆላው ግማሽ ቀንም የለውም።

የቆላ ባለሙያ ሴቶች ይህን ያለ ቁጥር ያውቁታል። የማታው ወተት ለእርጎ ይቀመጣል፣ የጠዋቱ ለመጠጥና ለገበያ ይወጣል። ጥርጣሬ ሲገባ ደግሞ ጥቂቱን ጀበና ሥር በተረፈው ፍም ላይ አፍልቶ ማየት ነው፤ መኮምጠጥ የጀመረ ወተት ለምላስ ገና ደህና እየመሰለ እሳት ሲነካው ይቆራረጣል። የወተት ሰብሳቢዎች በቤተ ሙከራ የሚያደርጉት የማፍላት ፍተሻ ከዚህ የተለየ አይደለም።

የላሙ ወገን

የይፋት ቆላ ላም የሀገር ዘር ናት፤ ወደ አፋር ሲጠጉ ቀንዷ እየረዘመ፣ ቁመናዋ እየቀጠነ ይሄዳል። ወተቷ ጥቂት ነው። የቀድሞው የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ጥናቶች የሀገር ላም በአማካይ በቀን አንድ ሊትር ተኩል አካባቢ እንደምትታለብ ሲያሳዩ ቆይተዋል። ጥቂት ቢሆንም ወፍራም ነው። የሆልስታይን ፍሪዥያን ወተት 3.5 በመቶ አካባቢ ስብ ሲኖረው፣ የሀገር ላም ወተት ብዙ ጊዜ 5 በመቶና ከዚያ በላይ ይደርሳል። «የአበሻ ላም ወተት ይጣፍጣል» የሚለው አባባል መሠረቱ ይኸው ስብ ነው፤ ወተት ምላስ ላይ የሚሞላው በስቡ ነው።

ስቡ ግን ከላሟ ብቻ ሳይሆን ከአስተላለቡም ይመጣል። ሲታለብ ጠጋ ብለን እንየው። ጥጃው መጀመሪያ ይለቀቃል፤ አራቱንም ጡት እያፈራረቀ በአፍንጫው ግቱን ሲጎሽም ላሟ ወተቷን ታወርዳለች። ያን ጊዜ ጥጃው ተጎትቶ ከእናቱ የፊት እግር ላይ ይታሰራል፤ እሷ ልጇን እየላሰች ስትቆም አላቢው ቁጢጥ ብሎ ማለቢያውን በጉልበቱ መካከል ይይዛል። የመጀመሪያው ወተት ቀጭን ነው። ግቱ እየተራቆተ ሲሄድ የሚንጠባጠበው የመጨረሻው ወተት በስብ ከመጀመሪያው እጅግ ይበልጣል። ለጥጃው አዝኖ ቀድሞ የሚያቆም አላቢ ቀጭኑን ለቤቱ፣ ወፍራሙን ለጥጃው ያደርጋል። ጥጃውን የሚያስርብ ደግሞ ወተቱ ይጣፍጥለታል፤ ጥጃው ግን ይከሳል። ያንዲት ላም ወተት ካንድ ቤት አንድ ቤት የሚለያየው አንዳንዴ በዚህ ብቻ ነው።

ከዚያ መኖ ይመጣል። ይፋት በበልግም በክረምትም ዝናብ የሚያገኝ አገር ነው። ለምለም ሣር ሲበዛ ወተቱ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ቅቤውም ይደምቃል፤ ላም በሣር ውስጥ ካለው ካሮቲን ከፊሉን ሳትለውጥ ወደ ወተቷ ታሳልፈዋለችና። በጋ ሲገባ ከማሽላ አገዳና ከጤፍ ጭድ ሌላ የሚበላ ይጠፋል፤ ወተቱ ይነጣል፣ ጠረኑም ይደበዝዛል። ይህ በምግብነቱ ብዙም የከፋ አይደለም፤ ጣዕሙ ግን ይለያል።

ሸዋ ሮቢት የራሷ የሆነ ጣጣም አላት፤ ሽንኩርት። በሮቢ ወንዝ መስኖ የሚለማው ሽንኩርት ሲነሳ ቅጠሉና የተጣለው ለከብት ይውላል። ሽታው በሆድ ዕቃ ብቻ ሳይሆን በትንፋሽም ገብቶ በደም ወደ ግት ይደርሳል፤ ላሟ በበላች በግማሽ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ወተቱ ላይ ሊታወቅ ይችላል። ደግነቱ ሽታው ከሰውነቷም ቶሎ ይወጣል። መፍትሔው ሽንኩርቱን መከልከል ሳይሆን ሰዓቱን መቀየር ነው፦ ከታለበች በኋላ ትብላ፣ ከመታለቧ በፊት ባሉት አምስት ሰዓታት አትቅመስ።

ቅንጬ አረም እያሉ የሚጠሩት ፓርቴኒየም ግን እንዲህ በቀላሉ አይሸነገልም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከእርዳታ እህል ጋር ሳይገባ እንዳልቀረ የሚታመነው ይህ አረም የምሥራቅ አማራን ቆላ፣ መንገድ ዳርና የግጦሽ መሬት ወርሯል። ከብት ወዶ አይበላውም። ድርቅ ሲያስገድደው ሲበላው ግን ወተቱንም ሥጋውንም ያመርራል። መራራ ወተት ያገኘ ሰው ዕቃውን ከመጠርጠሩ በፊት ላሟ የዋለችበትን ሜዳ ቢያይ ይሻለዋል።

የፍየሉ ወገን

ኢትዮጵያ ከ50 ሚሊዮን በላይ ፍየሎች አሏት፤ ነገር ግን በአብዛኛው የደጋ አማራ ቤት የፍየል ወተት እንደ መጠጥ አይቆጠርም። ለታመመ ሕፃን፣ ሳል ለያዘው ሽማግሌ ይፈለጋል፤ ለእንግዳ ግን አይቀርብም። ይፋት በዚህ ረገድ የድንበር አገር ነው። ከላይ ከተዳፋቱ አማራው፣ ከጎን አርጎባው፣ በከሚሴ በኩል ኦሮሞው፣ ከታች አፋሩ ይገናኙበታል። በሰንበቴው የእሁድ ገበያ የእነዚህ ሁሉ ሰው ይገበያያል። አፋሩ የፍየልን ወተት ከግመሉና ከላሙ እኩል ይጠጣል፤ ደገኛው አፍንጫውን ይይዛል። በአማራ ክልል ሰሜን በዋግ ኽምራም የአበርገሌ ፍየል ትታለባለች። ስለዚህ «ፍየል አይታለብም» የሚለው የአካባቢ ልማድ እንጂ የአማራ ክልል ሁሉ ልማድ አይደለም።

ሽታውስ? የፍየል ወተት ስብ ውስጥ ካፕሮይክ፣ ካፕሪሊክና ካፕሪክ የተባሉ አጫጭር የስብ አሲዶች አሉ፤ ድርሻቸው በላም ወተት ካላቸው በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። ፍየል ፍየል የሚለው ጠረን የእነሱ ነው። ነገር ግን በስቡ ውስጥ ታስረው እስካሉ ድረስ ብዙም አይሸቱም። የሚለቃቸው ላይፔዝ የተባለው የወተቱ የራሱ ኢንዛይም ነው፤ እሱን የሚያነቃው ደግሞ መናጥ፣ መንቦጫረቅ፣ መቆየትና ሞቅ ቀዝቀዝ ማለት ነው። አሁን የታለበ፣ በንጹሕ ዕቃ የተያዘ የፍየል ወተት ለብዙ ሰው ከላም ወተት መለየቱ ያስቸግራል። ያው ወተት ግማሽ በሞላ ጀሪካን ተጭኖ፣ በአህያ ወይም በባጃጅ ሲንገጫገጭ አርፍዶ ሲመጣ ገዢው አፍንጫውን ቢይዝ አይፈረድበትም። ጥፋቱ ግን ከፍየሏ ይልቅ የመንገዱ ነው።

ወጠጤውም የራሱ ድርሻ አለው። በመጠቃት ወራት ጭንቅላቱና ጸጉሩ ላይ የሚበዛው ጠረን በእጅ፣ በልብስና በፍየሏ ጸጉር በኩል ወተቱ ላይ ይደርሳል። ወጠጤውን ከሚታለቡት ማራቅ፣ ወጠጤ የነካ እጅን ታጥቦ ማለብ ቀላል ጥንቃቄ ነው።

ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ ይባላል። በይፋት ቆላ ቅጠሉ ግራር፣ ቁርቁራ፣ በደኖና አጋም ነው። «ከሁሉም ቅጠል ስለምትቀምስ ወተቷ መድኃኒት ነው» የሚለው እምነት ከዚሁ ይነሳል። በእምነቱ ውስጥ እውነትም ግነትም አለ። የፍየል ወተት የስብ እንክብሎች አነስ ያሉ ናቸው፤ ሆድ ውስጥ የሚረጋውም ለስለስ ብሎ ነው፤ ስለዚህ ለአንዳንድ ሰው ይቀላል። የወተት ስኳሩ ግን ከላም በጥቂቱ ብቻ ያንሳል፤ የላም ወተት ፕሮቲን የማይስማማው ሕፃን ብዙውን ጊዜ የፍየሉም አይስማማውም። ሌላም ችግር አለ፦ የፍየል ወተት ፎሌት የተባለው ቫይታሚን በጣም ስለሚያንሰው፣ በእሱ ብቻ ያደገ ሕፃን ለደም ማነስ ይጋለጣል። መድኃኒትነቱን የሚያምን ወላጅ ይህንንም አብሮ ሊሰማ ይገባል።

መልኩም ያሳስታል። ፍየል ካሮቲኑን ሁሉ ወደ ቫይታሚን ኤ ስለምትለውጠው ወተቷ ጥርት ያለ ነጭ ነው፤ ቅቤውም እንዲሁ። ስልባቦቱም ቶሎ አይንሳፈፍም። ይህን ያዩ «ውሃ ገብቶበታል» ይላሉ። የወተት ሰብሳቢዎች የአልኮል ፍተሻም ለላም የተሠራ ነው፤ ፍጹም ትኩስ የፍየል ወተት ይኸው ፍተሻ ሲደረግበት ሊረጋና የተበላሸ ሊባል ይችላል። በላም መለኪያ መመዘኑ ፍየልን በአፍንጫም በቤተ ሙከራም ጎድቷታል።

ችግሩ መጠኑ ነው። የሀገር ፍየል በቀን የምትሰጠው ብዙ ጊዜ ግማሽ ሊትር አይሞላም። ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሐረርጌና በደቡብ የሀገርን ፍየል ከአንግሎ ኑቢያን ጋር አዳቅሎ ለድሃ እናቶች ሲያድል የነበረው ይህን ለማሻሻል ነበር። ለይፋት ቆላ ገበያ እንዲህ ያለ የታላቢ ፍየል ሥራ ቢመጣ የሚያዋጣ ይመስለኛል፤ ድርቅን ከላም ይልቅ ፍየል ትችለዋለች፣ ግጦሽ ሲጠፋም ቁጥቋጦው አይጠፋም።

ዕቃውና ጭሱ

የሀገራችን ወተት ግማሽ ጣዕሙ ጭስ ነው። ግሬራው ወይም ቅሉ መጀመሪያ በሞቀ ውሃ ይታጠባል፤ ብዙ ቤት በግራዋ ቅጠል ይፈተጋል። ፀሐይ ላይ ተደፍቶ ይደርቃል። ቀጥሎ የወይራ ስንጥር በፍም ተለኩሶ፣ ነበልባሉ ጠፍቶ ጭሱ ብቻ ሲቀር የዕቃው አፍ ይደፋበታል። ጭሱ ውስጡን ሞልቶ በአፉ ዳር ማምለጥ ሲጀምር ዕቃው ይነሳና ለአፍታ ይከደናል፤ ከዚያ ውስጡ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል። ካልተጠረገ ጥቀርሻው ወተቱን ያጠቁረዋል፤ ከመጠን በላይ ከታጠነም ይመርራል። ወይራው የሚገኘው በአብዛኛው ከወይና ደጋው ተዳፋት በመሆኑ ቆለኛው ይገዛዋል ወይም በሌላ እንጨት ይተካዋል፤ ስለዚህ የወተቱ ጠረን ከመንደር መንደር ይለያያል።

ማጠን ለሽታ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያን የእርሾ ምግቦች ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት የዕቃ መታጠንና የሙቀት መጠን በእርጎ ላይ ያላቸውን ተጽዕኖ ፈትሸዋል። ጭስ ውስጥ ያሉ ውህዶች የጀርሞችን እድገት ያዘገያሉ፤ ሙቀቱም ሳሙና የማይደርስበትን የቅሉን ሥርጉድ ያደርቀዋል። ለቆላ ይህ ማቀዝቀዣ በሌለበት ጥቂት ሰዓት መግዣ ነው።

አሁን ዕቃው ተለውጧል። ወደ ከተማ የሚገባው ወተት አብዛኛው በቢጫ ጀሪካንና በሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ጀሪካን አይሰበርም፣ አይፈስም፣ ይጫናል፤ ስለዚህ አሸነፈ። ግን አፉ ጠባብ ነው፤ እጅ አይገባበትም፣ እጀታው ውስጥ የደረቀ ወተት ይቀራል፣ አይታጠንም። የትናንቱ ቅሪት ለዛሬው እርሾ ይሆናል። ብርሃን የሚያሳልፈው ጠርሙስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ወተት ፀሐይ ሲያየው አንዳንድ ቫይታሚኖቹ ይጠፋሉ፣ ስቡም የእርጥብ ካርቶን ዓይነት ጣዕም ያመጣል። «ወተት ዘንድሮ ጣዕም የለውም» የሚለው ሮሮ ከላሟ ይልቅ የሚመለከተው ይህንን ዕቃ ነው። ሰፊ አፍ ያለው የአሉሚኒየም ዕቃ ውድ ቢሆንም መፍትሔው እሱ ነው።

ጣዕም ዝም የሚልበት

እስካሁን ያየነው ሁሉ ምላስ የሚደርስበት ነው። ጨው ጨው የሚል ወተት እንኳ ፍንጭ ይሰጣል፤ ላሟ ወተቷን ልታቆም ተቃርባለች፣ ካልሆነም ግቷ ታሟል። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ከምላስ ውጭ ነው።

የማልታ ደሴት ታሪክ ይህንን ከየትኛውም ምሳሌ በላይ ያስረዳል። በ19ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ወታደሮች በዚያች ደሴት በማይለቅ ትኩሳት ይማቅቁ ነበር። ዴቪድ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1887 በሽታ አምጪውን ጀርም አገኘ። ከየት እንደሚመጣ ግን እስከ 1905 አልታወቀም፤ በዚያ ዓመት ቴሚስቶክሊስ ዛሚት የተባለው ማልታዊ ሐኪም ጤነኛ በሚመስሉ ፍየሎች ውስጥ አገኘው። የማልታ ፍየሎች በየጎዳናው እየተነዱ በደንበኛው ደጃፍ ይታለቡ ነበር፤ ከዚያ የበለጠ ትኩስ ወተት አይገኝም። በ1906 የፍየል ወተት ከወታደሩ ምግብ ሲወጣ በሽታው በወታደሩ ዘንድ ወዲያው ተመናመነ። ትኩስነት ከዚህ በሽታ፣ ከብሩሴሎሲስ፣ አያድንም፤ ብሩሴላ የተባለው ጀርሙ ሲታለብ ጀምሮ ወተቱ ውስጥ ነው።

ይህ ለይፋት ሩቅ ወሬ አይደለም። ብሩሴሎሲስ በአፋርና በአጎራባች ቆላዎች በፍየል፣ በግመልና በከብት ላይ የታወቀ ነው፤ መንጋ ውስጥ ሲገባ ማስወረድ ያበዛል። ሰው ላይ ሲመጣ ደግሞ ትኩሳት፣ ላብ፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማትና ድካም ነው፤ ይሄድና ይመለሳል። ሸዋ ሮቢት የወባ አገር ናት። ትኩሳት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ፣ ቀጥሎ ታይፎይድ ነው። የወባ መድኃኒት ወስዶ ያልተሻለው፣ ጥሬ ወተት የሚጠጣ ወይም ስታስወርድ የነበረች ፍየል በእጁ ያዋለደ ሰው ይህንን ለሐኪሙ ሳይጠየቅ ሊናገር ይገባል። የከብት ሳንባ ነቀርሳም በጥሬ ወተት ይተላለፋል፤ እሱም በጣዕም አይታወቅም።

ማፍላትም የማይደርስበት አለ። የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) ባልደረቦች ያሉበት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ባደረገው ጥናት በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተወሰዱ 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ተገኝቷል፤ በአውሮፓ ከሚፈቀደው በሊትር 0.05 ማይክሮግራም ያልበለጡት 9 ብቻ ነበሩ። ዋናው ተጠርጣሪ የኑግ ፋጉሎ ነበር። ይህ መርዝ በእሳት አይጠፋም፤ መከላከያው መኖ ላይ ነው። የሻገተ ማሽላ «ለሰው አይሆንም፣ ለከብት ይሁን» ተብሎ ሲሰጥ በወተት በኩል ተመልሶ ለሰው ይመጣል።

ሌሎች አገሮች በጥሬ ወተት ላይ አንድ ዓይነት ፍርድ አልሰጡም። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ1983 ሽያጩን ከለከለች። ጣሊያን በ2008 «አፍልተው ይጠጡ» የሚል ማሳሰቢያ እንዲለጠፍበት አዘዘች። የሚፈቅዱትም ቢሆኑ ብዙዎቹ መንጋው እንዲመረመር ያስገድዳሉ። እኛ ጋ ያለው ልማድ ያለ ምርመራ መጠጣት ነው።

ሲፈላ የሚጠፋውና የማይጠፋው

«ካፈሉት ለዛው ይጠፋል» የሚለው የጥሬ ወተት ወዳጆች ዋና መከራከሪያ ነው። ከፊሉ እውነት ነው። ወተት ከ75 ዲግሪ ሲያልፍ ከፕሮቲኑ የድኝ ውህዶች ይለቃሉ፤ «የበሰለ» የምንለው ጣዕም የእነሱ ነው። ቫይታሚን ሲና አንዳንድ የቢ ቫይታሚኖችም ይቀንሳሉ። ፕሮቲኑና ካልሲየሙ ግን ይቆያሉ፤ የበሰለው ጣዕምም ወተቱ ቀዝቅዞ ሲያርፍ ይለዝባል።

የይፋት ሰው በጥሬ ወተት የሚወደውን ስንዘረዝር ደግሞ ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፦ ስቡ፣ ጭሱና ቀለል ያለ መኮምጠጡ። ስብ በመፍላት አይጠፋም፤ እንዲያውም ስልባቦት ሆኖ ይወጣል። ጭሱ የዕቃው ነው፤ የፈላውን ወተት አቀዝቅዞ በታጠነ ቅል መገልበጥ በቂ ነው። መኮምጠጡም ይመለሳል፤ ጥሬ ወተት በራሱ ጀርሞች ይረጋል፣ የፈላው ግን ከትናንቱ ጥሩ እርጎ ጥቂት ማንኪያ እርሾ ይፈልጋል። በቆላ ሙቀት ከማታ እስከ ጠዋት ይረጋል፤ ጤና አዳም የሚወድ ይጨምርበታል። ከጥሬ የረጋ እርጎ አሲዱ ብዙ ጀርም ቢገታም ብሩሴላን በእርግጠኝነት ስለማይገድል «እርጎ ስለሆነ አይጎዳም» ማለት አይቻልም።

አንድ ጥንቃቄ ግን ብዙ ቤት ይዘነጋል። ወተት ገና ሳይፈላ አረፋው ይገነፍላል። አረፋውን አይቶ ወዲያው የሚያወርድ ሰው ያሞቀው እንጂ ያፈላው አይደለም። እሳቱን ቀንሶ፣ እያማሰሉ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ማቆየት ነው። ፋብሪካዎች በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ወይም በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ የሚያደርጉትን ያለ ቴርሞሜትር የምንተካው በዚህ መንገድ ነው። ከዚያ ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ማስቀመጥ ጣዕሙንም ዕድሜውንም ይጠብቃል።

ጾሙና ገበያው

የወተት ትኩስነት በቀን መቁጠሪያም ይወሰናል። ረቡዕና ዓርብ፣ የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾምና ሌሎቹ አጽዋማት ሲመጡ የክርስቲያኑ ቤት ወተት አይጠጣም። በደጋው ይህ ወተቱን ወደ ቅቤ ይገፋዋል፤ ተጠራቅሞ ይረጋል፣ ይናጣል፣ አሬራው አይብ ይሆናል። ይፋት ግን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን የሚኖሩበት በመሆኑ የወተት ገበያው ጨርሶ አይዘጋም፤ በረመዳን ለኢፍጣር ፍላጎቱ ሲጨምር፣ በዐቢይ ጾም የክርስቲያኑ ወተት ሙስሊም ገዢ ያገኛል። ሁለቱ ጾሞች አንድ ላይ ሲውሉ ግን ቀኑን የሚገዛ ሰው ይመናመናል፤ ጠዋት የታለበው ለምሽቱ ገዢ መቆየት አለበት፣ ሙቀቱም ያን ያህል ሰዓት አይሰጠውም።

ውሃ መቀላቀልም የገበያው ነገር ነው። ጠብታ ጥፍር ላይ አድርጎ መርጋት አለመርጋቱን ማየት የተለመደ ቢሆንም የሚይዘው ግልጹን ማጭበርበር ብቻ ነው። ላክቶሜትር የተሻለ ነው፤ የደህና ወተት መጠነ ክብደት 1.028 እና 1.032 መካከል ይወድቃል። የተጨመረው ውሃ ከወንዝ ወይም ከመስኖ ቦይ ከሆነ ግን ጉዳቱ ከመቅጠን አልፎ ተቅማጥ ይሆናል።

ፍርዱ

በጣዕም ከሆነ ለማነጻጸር የሚበቃው ወተት አሁን የታለበ፣ በታጠነ ሰፊ አፍ ዕቃ የተያዘ ነው፤ በዚያ ሁኔታ ላም በስብና በቅቤ ታሸንፋለች፣ ፍየል በልስላሴና ድርቅን በመቻል። ረጅም መንገድ የሚሄድ ከሆነ የፍየል ወተት ከላም ቀድሞ ይጎዳል፤ ስለዚህ የፍየል ወተት የጎረቤት ወተት ነው፣ የርቀት ገበያ ሸቀጥ ሊሆን አይችልም። በጤና ከሆነ ሁለቱም ያልተመረመረ መንጋ ወተት እስከሆኑ ድረስ ይፍሉ። ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና ለአረጋዊ በዚህ ላይ ክርክር የለም።

ከዚህ በላይ ያለው የወረዳው ነው። የቀወትና የኤፍራታና ግድም ወረዳዎች የእንስሳት ባለሙያዎች የታላቢ ፍየሎችንና ላሞችን የብሩሴላ ምርመራ የሚጀምሩበትን መንገድ፣ ወተት ነጋዴዎች ጀሪካኑን በአሉሚኒየም ዕቃ የሚለውጡበትን ብድር ማመቻቸት ከማንኛውም ዘመቻ በፊት የሚቀድም ሥራ ነው። መንጋው ተመርምሮ ነጻ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ጥሬውን የሚመርጥ ሰው ጣዕም መረጠ እንጂ ንጽሕና አልመረጠም፤ ጣዕሙን ደግሞ ከእሳት በኋላም በታጠነ ቅል ሊያገኘው ይችላል።